አባሪ ስለተደረገው የቦይ ክዳን

ለተከበራችሁ የከተማችን ምክር ቤት አባላት፣
ለተከበሩ የከተማችን ሥራ አስኪያጅ፤

እንደምን ከርማችኋል? ጤናችሁ እንደ አዲሱ ወንበራችሁ የተመቸ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከገበያው ጀርባ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር ነዋሪ ስለ አዲሱ አሠራር ያለኝን ምስጋና በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ቀድሞ ሁሉም ነገር በከንቲባው እጅ ስለነበር የሚያጉላላን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ምክር ቤቱ ይወስናል፣ በሙያው ተወዳድሮ የተቀጠረው ሥራ አስኪያጅ ይፈጽማል ተብሎ ሥራው ስለተከፈለ፣ መጉላላታችንም በወግ በወጉ ሆኗል።

1ኛ. የደጃፌ የፍሳሽ ቦይ ክዳን ተሰነጠቀ ብዬ ባመለከትኩ በሦስተኛው ቀን፣ የሥራ አስኪያጁ ሠራተኞች በልኩ አዲስ እናሠራለን ብለው አንሥተው ስለወሰዱት ፍጥነታቸውን አደንቃለሁ። ክዳኑ ከማመልከቻዬ ጋር «አባሪ አንድ» ተብሎ፣ የመዝገብ ቁጥሬ በቀይ ቀለም ተጽፎበት፣ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል። ዘበኛው ምሳውን የሚበላው እሱ ላይ ነው።

2ኛ. አዲሱ ካልተሠራ የተሰነጠቀውን መልሱልኝ ብል፣ ሥራ አስኪያጁ አባሪ ከመዝገብ የሚወጣው ምክር ቤቱ ሲወስን ነው አሉኝ። ምክር ቤቱ ደግሞ በሥራ አስኪያጁ የዕለት ሥራ ጣልቃ እንደማይገባ በትዕግሥት አስረዳኝ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይባላል፤ እኔ ሁለቱም ሳይሰበሩ መሐል ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ።

3ኛ. ቦዩ ላይ ሳንቃ ባጋድም፣ ያለ ፈቃድ የተሠራ ድልድይ ነው ተብሎ በዚያው ቀን ተነሣ። በዚህ ላይ ሁለታችሁም ተስማምታችኋል።

ለራሴ ብዬ አይደለም፤ እኔ እዘላለሁ። እናቴ ግን የሰማንያ ሁለት ዓመት ባለምርኩዝ ናት። አዝያት ለመሻገር ሞክሬ ሁለታችንም ልንገባበት ነበር። የዓይን ሐኪም ቀጠሮዋ ሁለት ጊዜ አልፏታል፤ አምስት ወር ሙሉ በሩን አስከፍታ እየተቀመጠች መንገደኛውን በድምፁ ትለያለች። «ዛሬስ መጡ?» ባለችኝ ቁጥር ወጥቼ መንገዱን አይቼ እመለሳለሁ። ለማን እንደምጮህ በእውነቱ አላውቅም።

ከሁለታችሁም በታች፣ በሁለታችሁም መካከል፣
አክባሪያችሁ ልብስ ሰፊው

ማሳሰቢያ፦ ክዳኑን ተሸክሞ ለመመለስ አራት ሰው ይበቃል። ነገሩ ከዘገየ እናቴንም ከዚህ ቤት ተሸክመው የሚያወጧት አራት ሰዎች ናቸው። ለዚያን ቀን ሳንቃ ለማጋደም ፈቃድ የምጠይቀው ምክር ቤቱን ይሁን ሥራ አስኪያጁን፣ ከወዲሁ ቢነገረኝ።