አዋላጃችንን ወደ አያቷ አገር ስለመላክ

ለክቡር የማንነት ማጣሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ቀንዎም እንደ ወንበርዎ የተመቸ ይሁን እያልኩ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

ደፍሬ የምጽፍልዎ በአንዲት ትንሽ ጉዳይ ነው። በጤና ጣቢያው በር ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ የሥራ ሰዓቱን ስለሸፈነው፣ መቼ መታመም እንደሚፈቀድልን ማወቅ አልቻልንም። እባክዎ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ያስጠጉልን።

ካስቸገርኩዎ አይቀር፣ ማስታወቂያውንም አነበብኩት።

አንደኛ፣ «ሁሉም የራሱን ዕድል በራሱ ይወስን» በሚለው ርዕስ ሥር፣ ጓሮዬ ባለችው ክፍል ዐሥራ አንድ ዓመት ተከራይታ የኖረችው አዋላጃችን ሲስተር ነገ ወደ «ወገኖቿ» እንድትዛወር ስለወሰኑላት እናመሰግናለን። ራሷ ልወስን ብትል ኖሮ ምን ያህል በደከመች! ልትጠይቅዎ ቢሮዎ ብትመጣም፣ አንዴ ተወስኗል ብለው ከድካም አሳርፈዋታል።

ሁለተኛ፣ ወገኖቿን ያገኙላት በአያቷ የትውልድ ቦታ ነው። አገሩን አይታው አታውቅም፤ ቋንቋውንም አትሰማም። እዚያ የምታምጥ ሴት «ግፊ» የሚለውን በእጅ ምልክት ትረዳዋለች ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ሦስተኛ፣ እኔም በማንነቴ ቀልድ የማላውቅ ሰው ነኝ። ልጆቻችን አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ይማሩ ሲባል ከፊት ተሰልፌ ጮኼአለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እጮኻለሁ። ያኔ አዋላጅ ትባረርልን ያለ ሰው ግን ትዝ አይለኝም። ምናልባት ከኋላ የነበሩት ብለው ይሆናል።

አራተኛ፣ የእህቴ ልጅ ወሯ ገብቷል፤ የመጀመሪያዋ ነው። ተተኪ አዋላጅ «በጥናት ላይ» ስለሆነ፣ ጥናቱ እስኪያልቅ እንዲታገሥ ለፅንሱ ነግረነዋል። እንደ እናቱ እልኸኛ ነውና ቃል አልገባልንም።

አምስተኛ... ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሬ እየተንኳኳ ነው። አንኳኪው የቸኮለ ይመስላል፤ ስለዚህ እዚሁ ላይ ልቋጨው።

ያልጠየቅንዎትን ሁሉ ስለሚወስኑልን ውለታዎ የከበደው፣
የሠፈሩ ሁሉ አጎት

ማስታወሻ፦ እንግዳው እርስዎ ነበሩ፤ ያለ ከረባት፣ የሸሚዝዎ ቁልፍ ተዛንፎ። «ጋሼ፣ ባለቤቴን ምጥ ያዛት፤ ሲስተር ሄደች እንዴ?» አሉኝ። ሲስተር ዕቃዋን ከምትሸክፍበት ጓሮ ሰማችዎና፣ አያትዎ የት እንደተወለዱ ሳትጠይቅ ቦርሳዋን አንሥታ ቀድማዎት ወጣች። ስለ ሴት ልጅዎ እንኳን ደስ አለዎት። ባለቤትዎ ግን እስካሁን የሲስተርን እጅ አልለቀቁም፤ «እሷን የሚወስድ እኔንም ይውሰደኝ» ብለዋል። የእሳቸውን ዕድል ማን እንደሚወስን ለማየት ሠፈርተኛው ደጅዎ ላይ ቆሟል።