ባለ ሰባት እጁ ኦክቶፐስና በቀጠሮዋ ቀን ያልተገኘችው መምህርት

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ቤተሰብዎ ሁሉ ደኅና ይሁን፤ ልጆችዎም በሄዱበት መንገድ ሁሉ በሰላም ደርሰው በሰላም ይመለሱልዎ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት ለወግ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልዎ፤ ከልቤ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ለመጨረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። በኮምፒውተር የጻፈችልኝ በጽሕፈት ሥራ የምትተዳደር ጎረቤቴ ናት። በደብዳቤው ውስጥ ስሕተት ቢገኝ ስሕተቱ የእኔ ነውና እሷን በአካል ቀርበሽ አስረጂ ብለው እንዳይጠሩብኝ አደራ እላለሁ።

የልጄ ወሬ የደረሰኝ ሐሙስ ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። የአንድ ሕፃን ዩኒፎርም እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። ስልኬ ሲጠራ አየሁት፤ «ልጄ» ይላል። እግሬን ከስፌት መኪናው ላይ ሳላነሣ «ደረስሽ?» አልኩ። የመለሰልኝ ግን የወንድ ድምፅ ነው። «እናቷ ነዎት?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «እማማ፣ አጠገብዎ ሰው አለ?» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ስድስተኛ ክፍልም መድረስ አያስፈልግም። ልጄ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ ብሎት ተገልብጦ ነበር። ሰውየው ከኋላ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ልጄን በመስኮት በኩል ያወጣት እሱ፣ ጃኬቱን ያለበሳት እሱ፣ ከስልኳ ውስጥ «እማዬ» የሚለውን ፈልጎ የደወለልኝም እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የማንንም ፊርማና ማኅተም አለመጠበቁ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ልጄ በዚያ አውቶቡስ የተሳፈረችው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ለመምጣት ነው። ስለዚህ ምስጋናዬም አቤቱታዬም ለእርስዎ ይገባል ብዬ አሰብኩ። ነገር እንዳይምታታብኝ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፣ ልጄ የምትሠራውን ሥራ ጽሕፈት ቤትዎ ስላየላት አመሰግናለሁ። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች፤ የምታስተምራቸው የአራትና የአምስት ዓመት ልጆችን ነው። በክፍሏ ባለ ቀለም እርሳስ በቆርቆሮ ሞልቶ ነበር፤ የሚቀባ ሥዕል ግን አልነበረም። ስለዚህ ከሥራ ስትመለስ እኔ ጨርቅ በምቆርጥበት ጠረጴዛ ወዲያኛው ጫፍ ላይ እየተቀመጠች የባሕር እንስሳት ትስል ጀመር። ዓሣ ነባሪ፣ የባሕር ኤሊ፣ ሸርጣን፣ ኮከብ ዓሣ፣ የባሕር ፈረስ፣ በጠቅላላው አሥር ሳለች። ልጆቹ ባሕር አይተው አያውቁም፤ እሷም አይታ አታውቅም። «ያላየሽውን እንዴት ትስያለሽ?» ብላት «አንቺስ እማዬ፣ የሙሽራ ቀሚስ የሰፋሽላቸው ሁሉ ሠርጋቸው ላይ ጠርተውሻል?» አለችኝ።

መስመሩን በወፍራሙ ነበር የምትስለው፤ የትንሽ ልጅ እጅ በቀጭን መስመር ላይ አይቆምም። ዓይኖቹን ትልልቅ ታደርጋቸዋለች፤ ልጆች መቀባት የሚጀምሩት ከዓይን ነው ትለኝ ነበር። የትምህርት ቤቱ ማተሚያ ጥቁር ብቻ ስለሚያትም ለዚያ እንዲስማማ አድርጋ፣ ወረቀት እንዳይባክን ደግሞ በአሮጌ ቅጾች ጀርባ ታትማቸዋለች። ሕፃናቱ «ቲቸር ዓሣ» ይሏት ነበር። ሌሎች መምህራን ሲጠይቋት ለሁሉም አባዝታ ሰጠች። ጽሕፈት ቤትዎም ይህን ሰምቶ «ማንኛውም መምህር አውርዶ እንዲያትማቸው በድረ ገጻችን ላይ ስለምናወጣቸው ይላኩልን» አላት። ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት በጨርቅ መቀሴ ወረቀት ቆረጠችበት። ወረቀት የመቀስ ስለት ያበላሻልና ሌላ ቀን ቢሆን ጉድ ይፈላ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዝም አልኳት።

ሁለተኛ፣ ስለ ገምጋሚዎችዎ ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። በአራተኛው ወረቀት ላይ ያለው፣ ስሙ አሁንም በምላሴ ላይ በቅጡ የማይዞርልኝ ኦክቶፐስ ነው። ስምንት እጅ አለው ይላሉ። ልጄ ሆን ብላ ሰባት እጅ አድርጋ ሳለችውና ከሥሩ «ስምንት እጅ አለኝ፤ አንዱ ግን ጠፍቶብኛል። ቁጠሩና የጠፋውን ሳሉልኝ፤ ከዚያ ቀለም ቀቡኝ» ብላ ጻፈችበት። ልጆቹ ገና ማንበብ ስለማይችሉ እሷ ታነብላቸዋለች፤ እነሱ በጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ፤ አንድ እጅ እንደጎደለው የደረሱበት ጊዜ ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። በጽሕፈት ቤትዎ አሠራር ግን ሥዕሉ ተቆርጦ ወደ ሥዕል ገምጋሚዎች፣ ጽሑፉ ተቆርጦ ወደ ቋንቋ ገምጋሚዎች ለየብቻ ይላካል። የቋንቋዎቹ ጽሑፉን አይተው እንከን የለበትም አሉ። የሥዕሎቹ ሰባቱን እጅ ቆጥረው ሳይንሳዊ ስሕተት አገኙ። ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት እንደሆኑ ኋላ መጥቼ በዓይኔ አይቻለሁ። ከበር እስከ በር ያለው ርቀት ለአንድ መጋረጃ ከምቆርጠው ጨርቅ አይበልጥም። ያንን ተሻግሮ አንዱ ሌላውን በመጠየቅ ሥራ እንዳያስፈታ መጠንቀቁ የሥራ ክፍፍልን ምን ያህል እንደምታከብሩ ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥሪ ደብዳቤው። «ሕፃናትን ወደ ስሕተት የሚመራ ሥዕል ማዘጋጀትዎ ስለተደረሰበት» ሐሙስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በአካል ቀርባ እንድታስረዳ የሚል ነው። ልጄ ሁለት ጊዜ አንብባው መጀመሪያ ሳቀች። «እማዬ፣ እጅ ሰርቀሻል ተባልኩ» አለችኝ። ከዚያ ስልክ ደወለች፤ ሥዕሉን ከነጽሑፉ አንድ ላይ ቢያዩት በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር መሆኑን በትሕትና አስረዳች። ስልኩን ያነሡት የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ እስከ መጨረሻው አዳመጧትና «ገብቶኛል እህቴ፤ ግን የስልክ ማብራሪያ ፋይል ውስጥ አይገባም» አሏት። ክቡር ሆይ፣ ገብቷቸው ነበር። እጅጌ ስገጥም፣ ቁልፍ ስተክል፣ ሰው ሲያናግረኝ ጭምር የማስበው ይህንኑ ነው። ገብቷቸው ነበር።

አራተኛውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁና ባጭሩ ልበለው። ልጄን በቀበርን በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሊያጽናኑኝ የመጡ ሰዎች ገና ከቤቴ ሳይወጡ፣ በስሟ የታሸገ ፖስታ ከጽሕፈት ቤትዎ ደረሰ። ሞኝነቴ ሆኖ የማጽናኛ ደብዳቤ መሰለኝ፤ ለተቀመጡትም «መሥሪያ ቤቷ አልረሳትም» አልኳቸው። ተከፍቶ ሲነበብ ግን «በተቀጠሩበት ቀንና ሰዓት ያለ በቂ ምክንያት ባለመገኘትዎ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል፤ ወደፊት ተመሳሳይ ጥፋት ፈጽመው ቢገኙ ከሥራ የሚሰናበቱ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። ሐኪሙም፣ ቀባሪውም፣ እኔ እናቷም ለልጄ ወደፊት የሚባል ነገር እንደሌላት ተቀብለን ነበር። ወደፊት ያላት መሆኑን በማኅተም ያረጋገጠልኝ ጽሕፈት ቤትዎ ብቻ ነውና ስለዚህ ውለታ ምስጋናዬን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም።

አምስተኛ፣ የሞት ምስክር ወረቀቷን ይዤ በዚያው መንገድ ሦስት ጊዜ ወደ እናንተ መጣሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወንበርም ውኃም ሰጠችኝ፤ የሰው ልብ ያላት ሴት ናትና ይህን በመጻፌ እንዳይቀየሟት። ፋይሉን አውጥታ አነበበች፤ ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያ «እናቴ፣ ማስጠንቀቂያ የሚነሣው ሠራተኛዋ ራሷ ቀርባ ስታመለክት ነው» አለችኝ። «ልጄ፣ እሷ መቅረብ ብትችል እኔን ምን አመጣኝ?» አልኳት። በመጨረሻ ወደ ሕግ ክፍል መራችኝ። የሕግ ክፍሉ ሰው፣ ሠራተኛዋ ስለሞተች ፋይሏ ተዘግቷል፤ የተዘጋ ፋይል ደግሞ አይነካም አሉኝ። ስለዚህ ሞታለች ተብሎ ፋይሉ ሲዘጋ፣ ያለ በቂ ምክንያት ቀረች የሚለው እዚያው ውስጥ አብሮ ተዘጋ። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ማያያዣ ነው የተያዙት፤ አንዱ ሌላውን እንዲያይ ግን አልተፈቀደለትም። ወደ እርስዎ ቢሮ ስወጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሁለተኛ ስመጣም ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ጸሐፊዎ «ዛሬ ስብሰባ የላቸውም፤ ግን በቀጠሮ ካልሆነ አይገባም፤ ቀጠሮ ልያዝልዎት?» አለችኝ። ከጽሕፈት ቤትዎ ቀጠሮ መቀበል ስለፈራሁ አመስግኜ ተመለስኩ።

ስድስተኛ፣ ባለፈው ወር ሥዕሎቹ በድረ ገጻችሁ ላይ ወጡ። ጎረቤቴ በኮምፒውተሯ ከፍታ አሳየችኝ። ዓሣ ነባሪው መሳቁን ትቷል። ኤሊዋ ጀርባ ላይ እኔ በመነጽርም ቆጥሬ የማልጨርሳቸው ትንንሽ መስመሮች ተጨምረዋል፤ የትኛው የአራት ዓመት ልጅ እንደሚቀባቸው አላውቅም። ኦክቶፐሱ ስምንተኛ እጅ ተቀጥሎለታል። የተቀጠለ ነገር ማወቅ ሙያዬ ነውና አልጠፋኝም፤ መስመሩ ከሰባቱ ይቀጥናል። ከሥሩ ግን የቋንቋ ገምጋሚዎች እንዳጸደቁት «አንዱ ግን ጠፍቶብኛል» የሚለው የልጄ ጽሑፍ እንዳለ አለ። ከሁሉም በታች «በጽሕፈት ቤቱ ኮሚቴ የተዘጋጀ» ይላል።

የጎረቤቴ ትንሿ ልጅ በልጄ ክፍል ነው የምትማረው። አንድ ቀን ይህንኑ ወረቀት ይዛ ወደ እኔ መጣች፤ አዲሷ መምህርት የጠፋው ሳይሳል መቀባት የለም ስላለቻቸው ወረቀቷ ነጭ እንደሆነ ነው። ከስፌት መኪናዬ ሥር ቁጭ ብላ ቆጠረች፤ ስምንት። እንደገና ቆጠረች፤ ስምንት። «እማማ፣ የጠፋው የታለ?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ለሕፃኗ ምን ብዬ መመለስ እንደነበረብኝ የሥዕል ክፍሉም ሆነ የቋንቋ ክፍሉ ቢያሳውቀኝ፣ ወይም ሁለቱም ለየብቻ ቢያሳውቁኝ፣ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ሥዕሎቹ ላይ የልጄ ስም ይጻፍ አልልም፤ ኮሚቴው ባልሳለው ደስ ይበለው። ለአውቶቡሱ ፍሬን ተጠያቂ እናንተ ናችሁም አልልም። የምለምንዎ ከፋይሏ ውስጥ አንድ መስመር እንዲሰረዝ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት አልተገኘችም የሚለው። በምትኩ እውነቱ ይጻፍ፤ ወደዚህ ስትመጣ ሞተች ይባል። ልጄ በስድስት ዓመት ሥራዋ አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። ያን ዕለት ጠዋትም ሻይዋን ቆማ ነው የጠጣችው። ሰባቱን እጅ የሳለችበትን ወረቀት እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሐል አድርጋ፣ በክንዷ አቅፋ ነው ከቤት የወጣችው። «ቁጭ ብለሽ ጠጪ እንጂ» ስላት «ከዘገየሁ ደግሞ ለዚያ ሌላ ደብዳቤ ይጽፉልኛል» አለችኝ። ልጄ አልቀረችም። እናንተ ዘንድ ቀረች ተብሎ ሲጻፍ፣ የሞተችበት ነገር ጭምር ከንቱ ሆነብኝ።

ይህ መስመር እንደማይሰረዝ አውቃለሁ። እንዲሰረዝ አንድ ሰው መፈረም አለበት፤ ለመፈረም አንድ ሰው ተሳስተናል ማለት አለበት፤ በጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ እስካሁን ስሕተት የተገኘበት ኦክቶፐሱ ብቻ ነው። ፋይሏ ከተዘጉት ፋይሎች ጋር ይደረደራል፤ እኔም ነገ ሳልፍ አውጥተህ አንብበው የሚል አይኖርም። የጻፍኩት ተስፋ አድርጌ አይደለም። ዝም ካልኩ እናቷም በመስመሩ ተስማምታለች እንዳይባል ብዬ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለስብሰባዎችዎ መልካም ፍጻሜ፣ ለመዝገብ ቤትዎ የማይሞላ መደርደሪያ፣ ለገምጋሚዎችዎም ከወረቀቱ ግማሹን ብቻ አይቶ የማይደክም ዓይን እየተመኘሁ፣ የማይመጣውን ምላሽዎን በትዕግሥት የምጠብቅ፣

ከጥልቅ አክብሮት ጋር፣
የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጣት መምህርት እናት

ግልባጭ፦
ለሥዕል ገምጋሚዎች፣
ለቋንቋ ገምጋሚዎች፣
(ስለ ፈጣሪ ብላችሁ፣ ይህን እንኳ አንድ ላይ ሆናችሁ አንብቡት።)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለዚህ ደብዳቤ በአካል ቀርቤ እንዳስረዳ ከተፈለገ እመጣለሁ፤ መንገዱ ያው አንድ ነው፤ አውቶቡሶቹም ያው ናቸው። ሳልደርስ ብቀር በቂ ምክንያት ያለኝ መሆኑን ከወዲሁ እያሳወቅሁ፣ ይህ ማመልከቻዬ ከመሞቴ በፊት ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ይህ ደብዳቤ ደርሷችሁ ያነበባችሁ ወገኖቼ ግን፣ ከእናንተ የምለምነው ፊርማ አይደለም። ልጄ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም ነበር። በየእምነታችሁ ጸልዩላት። አሁን ያለችበት ቦታ አስረጂ የማትባልበት፣ ሳትናገር የሚታወቅላት ቦታ ይሁንላት ብላችሁ ጸልዩላት።