የእንግዳ ሽጉጥ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6። ከሰዓት በኋላ

ማር እያጠለልኩ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። ጣቴ ይጣበቃል፣ ገጽሽ ቢበላሽ እንዳትቀየሚኝ። እማዬ ሱቁን ለእኔ ትታ ወጣ ብላለች። ገዢ እንዳይመጣ እየጸለይኩ ነው። ገዢ ከመጣ ማናገር አለ።

ጋሼ መጡ። ጋሼ ይሁኔ፣ የአባዬ ታላቅ ወንድም፣ ከጎጃም። ማሩን በቆዳ አስጭነው፣ አቧራ ለብሰው፣ ጭስ ጭስ እየሸተቱ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ታውቂያለሽ።

እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆሙ። አልገቡም። ከጋቢያቸው ሥር ሽጉጡን አወጡና አፈ ሙዙን ወደ ራሳቸው፣ እጀታውን ወደ እኔ አድርገው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በእሳቸው አገር እንግዳ ታጥቆ ሰው ቤት አይቀመጥም። መሣሪያውን ባለቤት ተቀብሎ ያኖርለታል፣ ሲሄድ ይመልስለታል። እንግዳ አምጡ ብሎ አይጠይቅም፣ ነውር ነው። ድሮ የሚቀበላቸው አባዬ ነበር። አባዬ ከሞተ ወዲህ ለእኔ ነው የሚሰጡት። ለእማዬ አይደለም። ለእኔ። ሳጥን ውስጥ፣ ከአባዬ ኮት ሥር አስቀመጥኩት።

ከዚያ መጥፎ ወሬ። አውቶቡስ ተራ ሲደርሱ የጭነት መኪናቸው ላይ ፍተሻ ነበር። አብሯቸው የመጣ ቅቤ ነጋዴ ሽጉጡን ተቀማ። ከክ/ሀገር የመጣ ሰው የአገሩ ፈቃድ እዚህ አይሠራለትም ተብሎ። ጋሼን የጋቢያቸው ውፍረት አዳናቸው። እማዬ ፊቷ ጠቆረ፣ ሲመለሱ ቢያዙስ አለች። ጋሼ ደግሞ ባዶ ወገቤን አባይ በረሃን አልሻገርም አሉ። አምና ሽፍታ አስቁሟቸው፣ ሽጉጡን አይቶ ነው የተዋቸው።

ሽጉጥ ከሌለ ጉዞ የለም። ጉዞ ከሌለ ማር የለም፣ ሱቅም የለም። ጋሼም የሉም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

እማዬና ጋሼ ቀበሌ ሄደው ጠየቁ። ይቻላል ተባለ፣ ግን ከሌላ ክ/ሀገር ለመጣ ሰው መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ከገበሬ ማኅበሩ የድጋፍ ወረቀት። አላቸው፣ ማኅተሙን ላብ አደበዘዘው እንጂ። እዚህ ቤት ያለው ዋስ። እማዬ ሆነች። ከዚያ ከአብዮት ጥበቃዎች ጋር ሥልጠና፣ ደንቡንም በቃል መመለስ። ይህን ያለፈ ሽጉጡን አስመዝግቦ፣ በልብስ ሥር ሸፍኖ እስከ አገሩ መያዝ ይችላል።

እማዬ ሥልጠና የሚለውን ስትነግረኝ ጋሼ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ተቀየሙ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቁ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በርበሬያቸውን እየሰፈሩ ሰምተዋል። "አያ ይሁኔ፣ ተማሪ ሆኑ አሉ። ደብተር ልግዛልዎት?"

"ደብተሩ ይቅር። የሚገርፍ የኔታ እንዳይገጥመኝ ብቻ ጸልዪልኝ።"

"ዱዓ አደርጋለሁ። ካጠፉ ግን ይገረፉ።"

ሁለቱ ሲቀልዱ እማዬ ትስቃለች። እማዬ ስትስቅ ጥርሷ ያምራል። ረስቼው ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8። ከእራት በፊት

የሥልጠናው ሜዳ ጭድ ተራ አጠገብ ነው። ምሳቸውን ይዤ ሄጄ ከግንቡ ጥግ ተደብቄ አየሁ። ጎረምሶች መሃል አንድ ነጭ ጋቢ። ለሁሉም የእንጨት ጠመንጃ ሰጥተዋቸዋል። አሥር አለቃው፣ አሠልጣኙ፣ ጋቢውን ያውልቁ አላቸው። አወለቁ፣ ቀስ ብለው አጠፉ፣ ዓይናቸውን አንከራተው እኔን አገኙኝና ሜዳውን አቋርጠው መጥተው ሰጡኝ። የሰልፉ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ብትከፈት እገባባት ነበር። ግን ጋቢውን አቅፌ እስከ መጨረሻው ቆምኩ።

አሁን ደንቡን እያጠናን ነው። ጋሼ የቄስ ትምህርት አላቸው፣ ማንበብ ያውቃሉ። የዚህ ወረቀት አማርኛ ግን አልዋጥ አላቸው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት አስጠኚ ሆንኩ። እኔ እላለሁ፣ እሳቸው ይከተሉኛል። ሽጉጥ ተሸፍኖ ይያዛል። ለማስፈራራት አይወጣም። መጠጥ የቀመሰ አይይዝም። ለሌላ ሰው አይሰጥም።

እዚህ ላይ አቆሙኝ። ለባለቤትስ፣ ቤት ለእንግዳ ላለ ሰውስ አሉኝ። ወረቀቱ ስለሱ አይናገርም አልኳቸው።

ወረቀቱን የጻፈው ሰው እንግዳ ሆኖ አያውቅም አሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ጠዋት አለፉ። ደንቡን በዳዊት ዜማ ነው በቃላቸው የመለሱት። ተራ ንባብ አልያዝ ቢላቸው በልጅነታቸው ዳዊት በደገሙበት ዜማ አወረዱት፣ "ለማስፈራራት አይወጣም" የሚለው ላይ ድምፃቸውን እያስረዘሙ። ጎረምሶቹ በሳቅ ሞቱ። አሥር አለቃው ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ግን አንዲት ቃል አልሳቱም፣ አለፉ ተባለ።

ከሰዓት ሽጉጡን ከሳጥን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ለማስመዝገብ ቀበሌ ጽ/ቤት ሄድን። እማዬ ሱቅ ስለያዛት እኔ አብሬ። ሊ/መንበሩ ድሮ በሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነበር፣ እዚሁ መርካቶ ተወልዶ ያደገ። ረቡዕ ስላልነበረ ስለ ፈቃዱ አልሰማም። ጋሼን ሲያይ በአክብሮት ተነሳ። "ይግቡ አባባ፣ ይግቡ። ቤትዎ ነው።"

ጋሼ የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። ሽጉጡን አወጡ። እጀታውን ወደ እሱ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ሰጡት።

ልክ ለእኔ እንደሚሰጡት።

ሊ/መንበሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ውሸቴን አይደለም። ጨበጣቸው። ጸሐፊውን ጠራ። አንድ ተራማጅ ገበሬ መሣሪያውን በፈቃዱ ለሰፊው ሕዝብ አስረከበ አለ። ቢሮው ውስጥ ያሉት አጨበጨቡ። ሽጉጡ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ፣ ተቆለፈ። ጋሼ ጭብጨባው ትንሽ ቢገርማቸውም የከተማ አቀባበል መስሏቸው እጅ ነሱ። ሻይ መጣ። ጠጡ። ስለ ንቦቻቸው አወሩ።

ከዚያ እስኪመለስላቸው መጠበቅ ጀመሩ። እንግዳ አይጠይቅማ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ጋሼ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እኔ ሁሉም ገብቶኛል። ይህ እኮ ስጦታ አይደለም የምትል አንዲት ቃል ነበረች። አልወጣችም። ጸሐፊው ልንዘጋ ነው ሲል ጋሼ ቁም ሳጥኑን አዩ፣ ሊ/መንበሩን አዩ። ከዚያ እኔን።

ወጣን። እስከ ጎጃም በረንዳ ከፊት ከፊቴ ሄዱ። እኔ ከኋላ።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

የኅዳር ሚካኤል። ሁሉም ቆሻሻውን በሩ ላይ እያቃጠለ ነው፣ መርካቶ በጭስ ታፍኗል። ዓይኔ ያለቅሳል፣ ለዛሬ ምክንያት አለው።

እማዬ ሊ/መንበሩ ዘንድ ሄዳ አስረዳች። ክፉ ሰው አይደለም። ግን አንዴ በሕዝብ ስም ተመዝግቧል አላት። በረቡዕ ስብሰባ ላይ፣ እዚያ የነበረ የቀበሌው ነዋሪ ተነስቶ ሽማግሌው የሰጡት በእንግዳ ወግ ነው ብሎ ከመሰከረ ይመለሳል። የጋሼ የራሳቸው ቃል አይበቃም። ያጨበጨቡት ወጉን አያውቁትም። እማዬ እዚያ አልነበረችም።

እማዬ አየችኝ። ማጥለያውን ላጥብ ብዬ ወጣሁ።

ጋሼ ግን አልወቀሱኝም። የሱቁን መደርደሪያ አቃኑ። ሲጥጥ የሚለውን በር በሰም አሹት። እህል ስንቀርብ መጀመሪያ የሚያጎርሱት እኔን ነው፣ ትልቅ ሆኜም። ቤታችን ውስጥ የወንድ ሳል አለ። ጠዋት በዚያ ሳል ስነቃ ለአፍታ አባዬ ይመስለኛል። ከዚያ አለመሆናቸው ትዝ ሲለኝ አላዝንም። ጋሼም ይበቁኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

አንቺን መዋሸት አልችልም። የማልናገረው ስለማፍር ብቻ አይደለም። ሽጉጡ ካልተመለሰ ጋሼ አይሄዱም።

ይሄው ጻፍኩት።

ዛሬ ግን አንድ ነገር አየሁ። ማር ላደርስ ስወጣ የጎጃም መኪና የሚጭንበት ቦታ ቆመዋል። አላዩኝም። አንዱን ሹፌር ይጠይቃሉ። ዝናብ ጣለ ወይ፣ አደይ አበባው ረገፈ ወይ፣ በእኛ ቀበሌ ያለፈ ሰው የባለቤቴን ደህንነት አልነገረህም ወይ። ሹፌሩ አላውቅም አባባ ብሎ ጭነቱን ማሰር ቀጠለ። ጋሼ እጃቸው ወደ ወገባቸው ሄደ። ባዶ ሲሆንባቸው የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉበት።

ቤት ሲገቡ ደግሞ እየሳቁ ነው። ለእትዬ ዘይነባ መርካቶ ተስማምቶኛል፣ ገላዬ ነጣ አሏቸው።

እኛን እንዳናዝን ነው የሚስቁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 14። ከስብሰባ መልስ

ተናገርኩ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሊ/መንበሩ ስለ ሽማግሌው ጉዳይ የሚናገር አለ ወይ አለ። ሁለተኛ ጠየቀ። እማዬ ጉልበቴን አልነካችም፣ አልገፋችኝም፣ ለዚህ እወዳታለሁ። ጋሼ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ተነሳሁ። ጀመርኩ። ጀርባ ያሉት አልሰማንም፣ ጮክ በይ አሉ። አንዱ ደግሞ "ኧረ ማር ሻጭ ድምፅሽም ይቅለጥ" አለና ተሳቀብኝ። ሁለተኛ ስጀምር የወጣው ሌላ ድምፅ ነው።

ቤታችን ሲመጡ ሽጉጣቸውን ለእኔ ነው የሚሰጡኝ አልኩ። በሩ ላይ፣ በሁለት እጃቸው፣ ልክ ለጓድ ሊ/መንበር እንደሰጡት። አስቀምጥላቸዋለሁ። ሲሄዱ እመልሳለሁ። "እኔ አንድም ቀን የኔ ነው ብዬ አላውቅም።"

ከዚያ ከኋላ ያሉት ተሸካሚዎች፣ የጎጃም ልጆች፣ እውነቷን ነው፣ ወጋችን ነው አሉ። ሳቁ ተነሳ፣ በዚህኛው ግን የተሳቀው በእኔ አይደለም። ሊ/መንበሩ ራሱን አከከ። "ታዲያ አባባ፣ ለምን አምጣ አላሉኝም?"

ጋሼ ተነሱ። "ልጄ፣ ቤትህ እኮ ነበርኩ።"

ሊ/መንበሩ ጸሐፊውን ወደ ቁም ሳጥኑ ላከ። ፈቃዱም ተጻፈ፣ ለአንድ ጉዞ ብቻ። የቀበሌው ነዋሪ ስላልሆኑ በመጡ ቁጥር ሥልጠናውን ይደግማሉ። አሥር አለቃው ከጥግ ሆኖ፣ ዜማውን እንዳይረሱት አላቸው።

ሽጉጡን ግን ለጋሼ አልሰጠም። የሚቀመጠው እሷ ዘንድ ነው አይደል ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ሰው ሁሉ እያየ። አላፈርኩም። ትንሽ ብቻ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 15። ከቀትር በኋላ

ሽጉጡ ሳጥን ውስጥ ነው። ጋሼ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው የማር ማማሰያ እንጨት እየጠረቡልኝ ነው። አይጠይቁም። ዓመት ባቆየው አይጠይቁም። የሳጥኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው፣ እንዲህ የከበደኝ ቁልፍ የለም።

እማዬ ስንቅ ልቋጥር ወይ ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እኔን ነው የጠየቀችው። ቋጥሪ አልኳት።

ሲመጡ ከጭነቱ በላይ ተቀምጠው ነበር፣ ጉልበታቸው እስካሁን አልተፍታታም። ስለዚህ ወስኛለሁ። ነገ ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞላ፣ በሩ ላይ ቆሜ እጀታውን ወደ እሳቸው አድርጌ በሁለት እጄ እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ ቀድሜያቸው ሄጄ ሹፌሩን ጋቢና እንዲያስቀምጣቸው እጠይቀዋለሁ። ቦታ የለም ቢለኝም አልመለስም። ጮክ ብዬ ነው የምነግረው።