የራይኖ ኬስኪታሎ ሃምሳ አምስተኛው የአደን ወቅት

እስካለፈው ኖቬምበር 14 ቀን 2004 ድረስ አቶ ራይኖ ኬስኪታሎ ሃምሳ አራት የአደን ወቅት ወጥተው፣ ሃምሳ አራት አጋዘን ይዘው ገብተዋል። አቁስለው ጫካ የተዉት አንድም አልነበረም።

አቶ ራይኖ ከአባታቸው ከአቶ ማቲ ኬስኪታሎና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሒልያ ኒኤሚ በሰሜን ሚሺጋን፣ በኮርፔላ መንደር፣ ማርች 9 ቀን 1934 ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተማሩ። አባታቸው በመዳብ ማዕድን ጉድጓድ አደጋ ሲሞቱ በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው እንጨት መሰንጠቂያ ተቀጥረው አርባ ስድስት ዓመት የመጋዝ ጥርስ ሲሞርዱ ኖረዋል። በተቀጠሩበት ዓመት በአባታቸው ጠመንጃ የመጀመሪያውን አጋዘን ገደሉ፤ እናታቸውና ሦስት ታናናሾቻቸው የዚያን ክረምት ሥጋ የቀመሱት በእሱ ነው።

በ1958 ከወይዘሮ ኤልማ ላህቲ ጋር ተጋብተው ዳሪልንና ካረንን ወለዱ።

ዕድለኛ ናቸው የሚል ሰው ብዙ ነበር። ቤታቸው የሚያውቀው ሌላ ነው። ከሴፕቴምበር ጀምረው አጋዘኖች የሚያልፉበትን፣ የሚተኙበትንና የነፋሱን አቅጣጫ በደብተር ይጽፉ ነበር። ነፋሱ ከጀርባቸው ከዞረ የዚያን ቀን አደን ትተው ይመለሳሉ። ከሰባ እርምጃ በላይ አይተኩሱም፤ መሀል ላይ አንዲት ጭራሮ ካለችም አይተኩሱም። ከተኮሱ በኋላ የተመታው ደንብሮ እንዳይርቅ ግማሽ ሰዓት ሳይነሡ ይቆያሉ፤ ከዚያ ዱካውን እስከ መጨረሻው ይከተላሉ።

ባለፈው ሴፕቴምበር የቀኝ ዓይናቸው ደፈረሰ። ወይዘሮ ኤልማ ሐኪም እንዲያያቸው ቢለምኗቸው ከአደኑ በኋላ አሉ።

ኖቬምበር 15 ቀን ጠዋት በስድሳ አራት እርምጃ ላይ በቆመ ወንድ አጋዘን ላይ ተኮሱ። በረዶው ላይ ያገኙት ጥቂት ሻካራ ነጭ ጸጉር ብቻ ነው፤ ደም የለም። በአዳኞቹ ጎጆ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጫፍ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ይቸነከራል። የባለቤታቸው ወንድም አቶ አርቮ ነገሩን በዚያ ሊቋጩላቸው ፈለጉ።

«ስተኸዋል፣ ራይኖ። ሸሚዝህን ልቁረጥልህና ወደ ሳውናው እንግባ። በሰባ ዓመትህ አንዴ ብትስት ከእኔ በቀር ማን ይስቅብሃል?»

«ጸጉሩ የሆድ ነው፤ ቆስሏል። ሸሚዙን እንዳሻህ ቁረጠው፤ እኔ ግን እሄዳለሁ» አሉ።

ሦስት ቀን ፈለጉ። በሦስተኛው ቀን በዝናብና በረዶ ውስጥ ረግረጉ ላይ ወደቁ፤ ዳሪል እስከ ወገባቸው ርሰው አገኛቸው። ያን ምሽት ደብተራቸው ላይ የጻፉት አንድ መስመር ነው፦ «መሀል የነበረውን ቅርንጫፍ አላየሁትም።»

ሕመማቸው የሳንባ ምች ነበር። ሆስፒታል ሆነው በየጠዋቱ ስለ አጋዘኑ ይጠይቁ ነበር። ዳሪል አገኘነው ብሎ ሊያሳርፋቸው ፈልጎ ነበር። ነገር ግን የት ቦታ፣ ጥይቱስ የት ገባ ብለው እንደሚጠይቁት ያውቃል። አላገኘነውም አላቸው። ዲሴምበር 4 ቀን 2004 በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ቀርተዋል። ያልተረጋጋችውን ነፍሳቸውን ፈጣሪ በዕረፍቱ ይቀበላት።

ዳሪል ከትናንት በስቲያ ቁራዎችን ተከትሎ የአጋዘኑን ሬሳ አገኘ። ጥይቱ የገባው ሆዱ ላይ ነው። አባቱ ከወደቁበት ቦታ እስከዚያ የቆጠረው ሰማንያ አራት እርምጃ ነው።