ከስፌት መኪናዬ በላይ የቀረው ምስማር

የሆዴ ፍሬ፣ ያወጣሽ አምላክ ያግባሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያጋጥምሽ። እኔ አለሁ፣ ይህም መኖር ከተባለ። ጉልበቴ የስፌት መኪናውን መርገጥ እንቢ ብሎኛል፤ ቢሆንም የተማሪዎቹን ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ በስልክ የመከርሽውን ሰምቶ፣ ገበያ ውዬ ስመለስ የእመቤታችንን ሥዕል ከግድግዳው አውርዶ ወስዶታል። ምነው ስለው «እማዬ፣ እህቴ እውነቷን ነው፤ እንጨትና ቀለም እያመለክሽ ነው» አለኝ። ለቀባሪው አረዱት! አምልኮ ለፈጣሪ ብቻ ነው ብዬ ያሳደግኳችሁ እኔ አይደለሁም? ሥዕሏን የምስመው ለክብሯ እንጂ እንጨቱ ይሰማኛል ብዬ ነው? አንቺስ የሄድሽ ዕለት ሻንጣሽን በር ላይ ጥለሽ ተመልሰሽ፣ የሟቹን አባትሽን ኮት እንደተሰቀለ ስመሽው አልነበር? ኮት አመለክሽ ያለሽ ማን አለ?

አሁን የቀረኝ ምስማሩ ነው። እንደ ልማዴ ከፊቱ ስቆም የሚመጣብኝ ያንቺ መልክ ሆኗል። ትናንት ወድቄ ከሰገድኩ በኋላ ነው አፌ የሚለውን የሰማሁት፤ «ልጄ አትተዪኝ፣ ያላንቺ ማን አለኝ» እያልኩ ኖሯል። እመቤታችን እዚያ ተሰቅላ ሳለች እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ለማን ይነገራል፣ ሆድ ይፍጀው።

እናቴ፣ ክፉ አይንካሽ፤ ደጅሽ አይዘጋ። እመኚበት አልልሽም። ለወንድምሽ ደውለሽ «ሥዕሏን መልስላት» ብቻ በይው። አንቺን ጣዖት እንዳላደርግሽ ፈርቻለሁ።