ለሰው ውሃ ሲያመላልሱ የኖሩት የ«ጀሪካን» የሕይወት ታሪክ

ብዙዎቻችሁ «ጀሪካን» እያላችሁ የምታውቋቸው ብስክሌተኛው ወንድማችን፣ ከቧንቧ ሠራተኛው አባታችንና የሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ከነበሩት እናታችን፣ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ፤ ይህን የምጽፈው እኔ ታናሽ እህታቸው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አንተ ስላቸው ኖሬ ዛሬ ወጉ ነውና አንቱ ብያለሁ። ባለቤታቸው ግን «አንቱ ብለሽ አሮጊት እንዳታደርጊኝ» ስላለችኝ እሷ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። ተከታተሉ ይባል እንጂ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነበር። ከዚያም ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው የቧንቧ ሥራ ተማሩ። አባታችን የመፍቻ ሳጥን እንዲያመላልሱበት አንድ አሮጌ ብስክሌት ገዙላቸው፤ ጉድ የሠራን ያ ብስክሌት ነው። ወንድማችን ሳጥኑን ከኋላ አስረው፣ ከጋራዡ የሚወጡትን አውቶቡሶች ዳገቱ ላይ እየቀደሙ ሾፌሮቹን ማናደድ ያዙ። ከተናደዱት አንዱ ሾፌር የብስክሌት ቡድን አሠልጣኝ አጎት ነበሩ። ለአሠልጣኙ «ይህን ልጅ ወይ ውሰድልኝ ወይ አስቁምልኝ» ብለው ነገሩት፤ እሱም ወሰዳቸው። በሃያ ዓመታቸው ፕሮፌሽናል ብስክሌተኛ ሆኑ።

ፕሮፌሽናል ሲባል ቤታችን ዋንጫ የሚገባ መስሎን ነበር። የሳቸው ሥራ ግን ሌላ ሆነ። በብስክሌት ቡድን ውስጥ የሚያሸንፍ አለቃ አለ፤ የቀሩት እሱ እንዲያሸንፍ ይለፋሉ። ወንድማችን ወደ ኋላ ወደ አጃቢው መኪና እየተመለሱ፣ የውሃ ኮዳ ማልያቸው ውስጥ ከደረት እስከ ጀርባ ጠቅጥቀው፣ እንደ እርጉዝ እያበጡ ሽቅብ ነድተው ለጓደኞቻቸው ያድሉ ነበር። ጀሪካን የሚለው ስም የወጣላቸው ያኔ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድም ውድድር አላሸነፉም። እናታችን ነገሩ ፈጽሞ አልገባቸውም። ጎረቤቶች «ልጅሽ ምን ላይ ደረሰ?» ሲሏቸው «ያው የአባቱን ሙያ ይዟል፤ ውሃ ላይ ነው» ብለው ይገላገሉ ነበር።

ትዳራቸውን ያገኙት ወድቀው ነው። ክርናቸው ተልጦ ፕላስተር ሊገዙ መድኃኒት ቤት ቢገቡ፣ ፋርማሲስቷ ቁስሉን አጥባ እያሸገች ተቆጣቻቸው። በሳምንቱ ሌላኛውን ክርን ልጠው ተመለሱ። እሳቸው እስከ መጨረሻው ቢክዱም እኔ ያኛው ሆን ተብሎ ነው እላለሁ። ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ።

ትልቋ ልጃቸው ገና ስትድህ፣ ሆቴል ክፍል አብሯቸው የሚያድር የቡድን ጓደኛቸው ቁልቁለት ላይ ከመንገድ ወጥቶ ገደል ገባ። ተወዳዳሪው ሁሉ እየበረረ አለፈ፤ ማንም አላየውም። ሲያገኙት ሞቶ ነበር፤ ሐኪሙ ግን ወዲያው እንዳልሞተ ተናገረ። ባለቤታቸው ያን ዕለት የተናገረችውን ከዚያ ወዲህ ደግማ አላነሳችውም፤ እኛም አልረሳነውም። «መሞት ያለ ነው። ብቻህን መንገድ ዳር እንዳትሞትብኝ ብቻ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ስልክ በጮኸ ቁጥር ፊቷ ልውጥ ይል ነበር።

በሠላሳ አራት ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ ከሁላችንም በላይ የተደሰተችው እሷ ነች። የአባታችንን ሱቅ ተረክበው የሰው ማድ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሲጠግኑ ቤታችን ሰላም ሆነ። ምን ያደርጋል፣ ብዙም ሳይቆይ እግራቸውን በላቸው።

እሑድ እሑድ የጥርስ ሐኪሙ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ አናጢው የሚወዳደሩበት የአማተሮች ውድድር ነበር። የቀድሞ ፕሮፌሽናል ሲመጣባቸው «ይሄ ደግሞ ከእኛ ምን ሊወስድ ነው?» ብለው አጉረመረሙ። የሆነው ሌላ ነው። ወንድማችን ብቻቸውን ቀድመው መጨረሻው መስመር አጠገብ ሲደርሱ ፍሬን ያዙ፤ ዞረውም አለቃ ፈለጉ። የጥርስ ሐኪሙ አልፏቸው አንደኛ ወጣ፤ ወጥቶም ተቀየማቸው። እኔ የምጽዋት ዋንጫ አልፈልግም ብሎ በሰው ፊት አፈጠጠባቸው። ምጽዋት አልነበረም። ለእኔ እንደነገሩኝ፣ ከፊታቸው ማንም እንደሌለ ሲያዩ እጃቸው ራሱ ሄዶ ፍሬኑን ያዘው። በሚቀጥለው እሑድም ያው፣ በሌላውም ያው። ኮሚቴው ወይ ደህና አድርገው ይንዱ ወይ ይቅሩ አላቸው። ቀሩ፤ እኛም ተመስገን አልን።

ለካ የባሰው ከኋላ ነበር። በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ተራራ ለተራራ የሚኬድበት፣ ቀናት የሚፈጅ ረጅም የብስክሌት ውድድር ላይ ተመዘገቡ። አጃቢ መኪና የለውም። ማንም ከማንም ምንም አይቀበልም፤ ሁሉም የራሱን ይሸከማል፤ የሚተኛውም ባገኘበት ነው። ወጣት ፕሮፌሽናሎች ሳይቀሩ ከቡድናቸው ፈቃድ እየወሰዱ ይገቡበታል። ለባለቤታቸው የዚህ ሁሉ ትርጉም አንድ ነበር፤ ብቻውን፣ መንገድ ዳር። ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻቸው። የታረቁት ብስክሌቱ ላይ ያሉበትን የሚጠቁም መሣሪያ ተገጥሞ፣ እሷ በስልኳ ካርታ ላይ እንደ ነጥብ ሆነው ሲሄዱ እንድታያቸው ተስማምተው ነው።

ነጥቧ ሁለት ቀን ሄደች፤ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቆመች። ምሳ እየበሉ ይሆናል ተባባልን፤ ምሳው አላልቅ አለ። ስልካቸው አይሠራም። አዘጋጆቹ ተኝተው ይሆናል ብለው ሊያረጋጉን ሞከሩ። ባለቤታቸው እሱ በቀን ተኝቶ አያውቅም ብላ፣ የቆመውን ደንበኛ ይቅርታ ጠይቃ መድኃኒት ቤቱን ዘጋች። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም። አልደብቃችሁም፣ እኔ ጥቁር ልብሴን ቦርሳዬ ውስጥ ሸጉጬ ነበር።

ያገኘናቸው ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ፣ ድልድይ ሥር ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ነው። ጭናቸው ላይ ሙቀት የጣለው አንድ ወጣት ፕሮፌሽናል ተኝቷል፤ በቴሌቪዥን ዋንጫ ሲያነሳ የምናየው ልጅ ነው። ያላቸውን ውሃ ሁሉ አጠጥተው ጨርሰው፣ ማልያቸውን አውልቀው ያራግቡለታል። ትተውት መሄድ ፈርተው እንጂ እርዳታ ፍለጋ በሄዱ ነበር። ባለቤታቸው ወርዳ መጀመሪያ የልጁን ትንፋሽ አዳመጠች። ቀጥላ ወንድማችንን ትከሻቸውን በቡጢ አለቻቸውና አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ተንሰቀሰቀች።

እሳቸውም «አይዞሽ፣ ብቻዬን አልነበርኩም» አሏት።

ልጁን ክሊኒክ አደረስነው፤ ተረፈ። ወንድማችን ግን ከውድድሩ ተሰረዙ፤ አንደኛው ጥፋታቸው ውሃ መስጠታቸው፣ ሁለተኛው ሚስታቸው በመኪና መምጣቷ። የሰረዛቸው ዳኛ አፍሮ ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ነበር። እሳቸው ሲስቁ እሱም ሳቀ፤ ባለቤታቸውም ሳቀች፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅኩት፣ ጥቁር ልብሴ እንዳይታይብኝ የቦርሳዬን ዚፕ እየዘጋሁ ነበር።

ከዚያም አልተዉትም። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ጉልበታቸው እምቢ እስኪላቸው ድረስ በየዓመቱ ይሄዱ ነበር። አሸንፈው አያውቁም፤ ከመጨረሻ አንደኛ ግን ደጋግመው ወጥተዋል። በሄዱ ቁጥር ባለቤታቸው ስልኳን ትራስ ሥር አድርጋ ትተኛለች፤ ተኛች ከተባለ።

ባለፈው ዓመት ድካም ሲበዛባቸው ተመርምረው የደም ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሟ ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው በለሰለሰ አነጋገር ነገረችን። ባለቤታቸው ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ስታለቅስ ቆየችና ፊቷን ጠርጋ አንድ ነገር አለችኝ፤ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። «እቤቱ ሆኖ ሊሞትልኝ ነው» አለችኝ። ደነገጥኩባት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን እኔንም አንድ ሸክም ከትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ።

ወንድማችን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በመኝታ ክፍላቸው፣ ትልቋ ልጃቸው እግራቸውን ስታሻላቸው፣ ታናሿ የስፖርት ጋዜጣ ስታነብላቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ። ክፍሉ በሰው ሞልቶ እኔ በሩ ላይ ነበር የቆምኩት። ባለቤታቸው ዓይናቸውን ከደነችና ጮክ ብላ «እፎይ» አለች። የሰሙ ጎረቤቶች ደንግጠው ተያይተዋል፤ ወሬም ሆኗል አሉ። እንግዲህ ከእኔ ስሙት። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው ነገር ሳይደርስባት ቀረ። ወንድማችን መንገድ ዳር አልሞቱም፤ ብቻቸውንም አልሞቱም። እኔም እፎይ ብያለሁ፤ የምትወዷት ካላችሁ እናንተም «እፎይ» በሏት።

ወንድማችን ባለትዳር፣ የሁለት ሴት ልጆች አባትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደጋጎቹ ባሉበት ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውም ስልክ ሳትጠብቅ እስኪረፍድ የምትተኛበትን እንቅልፍ ይስጥልን።