ከድንበሩ ድንጋይ ማዶ የተወለደው ልጅ

ለወንድም ጋሼ ዲትማር፦

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ኤልቪራስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የብራዚል ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ በረዶው መስኮት ቢደርስም ደህና ነን፤ አባዬንም ያ ሳል ለቀቃቸው።

ሃርትሮዴ ከዛሬ ጀምሮ ራሷን የቻለች መንደር መሆኗ ቀርቶ የግሪምስታል ከተማ አካል ሆናለች። ወረዳችንም ተለውጧል። ጠዋት ምን አዲስ ነገር አያለሁ ብዬ በመስኮት ብመለከት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዓት እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሰው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ አገሩ ከሥሩ ሲቀየር ምን ይባላል?

የመጨረሻው ከንቲባችን አባዬ አንድ ምኞት ነበራቸው፤ የእህታችን የሂልትሩድ ልጅ መንደራችን ከግሪምስታል ሳትዋሃድ እዚሁ ቤት እንዲወለድ። በየቀኑ "ምነው ዘገየ?" ሲሏት እህትህ "አባዬ፣ ልጅ እንደ ምክር ቤታችሁ በድምፅ ብልጫ አይወጣም!" ትላቸው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ምጡ መጣ። አዋላጇ ወይዘሮ ኖትቡርጋ ዳሰስ አደረጓትና ፊታቸው ተለወጠ። "አግድም ተኝቷል፤ ግሪምስታል ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣለን" አሉ። መንገዱ ግን ተደፍኗል። የከተማው በረዶ ጠራጊ መኪና የድንበሩ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲህ የመጥረጉ ጣጣ የኛ ነው። የኛ ትራክተር ደግሞ በብርዱ አልነሳ አለ።

አባዬ ስልኩን አነሱ። በዚህ መዋሃድ ሰበብ ከግሪምስታሉ ከንቲባ ከሎሬንትስ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። "ሎሬንትስ፣ ከነገ ወዲያ የእናንተ ነን። እባክህ፣ ዛሬውኑ ውሰደን" አሉት። ሰውየውም "አንተ ግትር ሽማግሌ፣ ስልኩን ዝጋና በመስኮት ተመልከት!" አላቸው። ያ ቢጫ መኪና ድንጋዩን አልፎ፣ በረዶውን ግራና ቀኝ እየበተነ ሲመጣ ባየህ! እማዬ በነጠላ ጫማ ወጥታ አጨበጨበች።

ሂልትሩድ ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች። ወንድ ነው፤ ዮስት ተባለ። የትውልድ ቦታውም ግሪምስታል ተብሎ ተጻፈ። አባዬ ይከፋቸዋል ብዬ ስሰጋ ልጁን አቀፉና "አይ አንተ ተንኮለኛ፣ ከሁላችን ቀድመህ ገባህ? እንግዲህ ዘመድ ያለበት ከተማ ባዕድ አይባልም" አሉት። ትናንት የመንደራችንን ማኅተም ራሳቸው ወስደው አስረከቡ፤ ሲመለሱ ከሎሬንትስ ጋር ተደጋግፈው ነበር፣ ቢራ ቢራ እየሸተቱ።

እማዬ የልጆችህን የሹራብ ልክ ላክልኝ ትላለች። ሂልትሩድና ባሏ ፎልክማር ይስሙሃል። ዮስትም በለቅሶው ሰላም ብሎሃል። አባዬ ደግሞ "የግሪምስታል ሰው ሰላም ይልሃል በይው" ብለውኛል፤ ይህን ሲሉ እየሳቁ ነው።

እህትህ ሮስቪታ
ሃርትሮዴ፣ ግሪምስታል ከተማ
ጃንዋሪ 1 ቀን 1972